ሽማግሌ አትላክ፤ ቀጠሮህ ላይ ቅረብ

«እትዬ፣ እንደምን ከረሙ? ዓምድዎን ሁሌም አነባለሁ። አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነኝ። በዚህ ሳምንት መጀመሪያ ከባለቤቴ ጋር ክፉኛ ተጣላን። አልመታኋትም። ልትወጣ ስትል ግን በሩ ላይ ቆሜ ከለከልኳት። ስልኳንም ነጠቅኳት፤ ክንዷን ያዝኩ። ከዚያ ነገሩ በረደ፣ ያለፈ መሰለኝ። ረቡዕ ከሥራ ስመለስ የሸሪፍ ሰው በር ላይ ጠብቆ ወረቀት ሰጠኝ። ፕሮቴክቲቭ ኦርደር ነው፤ ከእሷ እንድርቅ የሚያዝ የፍርድ ቤት ትእዛዝ። ልብሴን በቅጡ ሳልይዝ ወጣሁ። አሁን የአጎቴ ልጅ ሳሎን ውስጥ ሶፋ ላይ ነው የማድረው።

ዳኛው እኔን ሳይሰማ እንዴት ከገዛ ቤቴ ያስወጣኛል? ወረቀቱ ማክሰኞ ሮክቪል ፍርድ ቤት ቅረብ ይላል። አንዱ ጓደኛዬ ‹አትሂድ፣ ካልቀረብክ ራሱ ይሞታል› ይለኛል። ሌላው ‹የግሪን ካርድ ማመልከቻዋን አንሳባት፣ ያኔ ራሷ ትለምንሃለች› ይላል። ያመለከትኩላት እኔ ነኝ፣ ገና አላለቀም። እኔም ዜጋ አይደለሁም፤ ግሪን ካርድ ነው ያለኝ። ከአገር ያስወጡኝ ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። ነገ ቅዳሜ ሁለት ሽማግሌዎችና የነፍስ አባታችን ሊያነጋግሯት ቤት ይሄዳሉ። ትናንት ማታ ደግሞ ራሷ ደውላ ‹ልጆቹ አላስተኛ አሉኝ፣ መጥተህ እያቸው› አለችኝ። ልሂድ? መብቴስ ምንድን ነው?

ግራ የገባኝ»

(ይህን መልስ ለጠያቂው ደብዳቤው በደረሰኝ ዕለት፣ አርብ፣ በግሉ ልኬለታለሁ። በእሱ ፈቃድ፣ ማንነቱ እንዳይታወቅ ጥቂት ነገር ቀይሬ፣ ለሌሎችም እንዲጠቅም እዚህ አወጣሁት።)

ወንድሜ፣

ከመጨረሻው ጥያቄህ ልጀምር፤ የሚያጣድፈው እሱ ነው። አትሂድ። ሽማግሌዎቹም አይሂዱ። አሁኑኑ ደውለህ የነገውን ጉዞ አስቀር። የቀረውን ከዚያ በኋላ አንብበው።

ጠበቃ አይደለሁም። ሜሪላንድ ውስጥ ግን በፍርድ ቤት አስተርጓሚነት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። አንተ የያዝከውን ወረቀት ይዘው ለቆሙ ወንዶችም፣ ያንን ወረቀት ለማግኘት እየተንቀጠቀጡ ለመጡ ሴቶችም አስተርጉሜያለሁ። የማንንም ጉዳይ አላወራም፤ እንዳላወራ ምያለሁ። ደጋግሜ ያየሁትን አንድ ነገር ግን ልንገርህ። ካየኋቸው ወንዶች ብዙዎቹን እስር ቤት ያስገባቸው የመጀመሪያው ጠብ አይደለም። ወረቀቱ ከደረሳቸው በኋላ ያደረጉት ነው።

ትእዛዙ የሚያስረው አንተን ብቻ ነው። እሷን አያስርም። ብትደውልልህ ጥፋት የለባትም፤ ብትሄድ ግን አንተ ጥፋተኛ ነህ። «እሷ ጠርታኝ ነው» ማለት አያድንህም። ትእዛዙን የሰጠው ዳኛ ነው፣ ማንሳትም ማላላትም የሚችለው ዳኛ ነው። እሷ በስልክ ልታነሳው አትችልም። ጎረቤት ድምፅ ሰምቶ ፖሊስ ቢጠራ፣ ፖሊሱ ኮምፒውተሩ ላይ ትእዛዙን ያያል። ሜሪላንድ ውስጥ ትእዛዙ መጣሱን የሚያሳይ በቂ ምክንያት ካለው ይይዝሃል፤ ሕጉ ያዘዋል፣ የእሱ ፈቃድ አይደለም። የመጀመሪያ ጥሰት እስከ 90 ቀን እስራት ወይም እስከ 1,000 ዶላር ቅጣት ወይም ሁለቱንም ያመጣል። ሁለተኛው እስከ 1 ዓመትና እስከ 2,500 ዶላር ይደርሳል።

ሰዎች «ወጥመድ ነው የዘረጋችልህ» ይሉህ ይሆናል። እኔ እንደዚያ አላስብም። ልጅ አልተኛ ሲል እናት ምን እንደምትሆን አውቃለሁ። እውነተኛ ናፍቆትም ሊሆን ይችላል። ምክንያቷ ምንም ይሁን፣ የአንተ መልስ አንድ ነው። ስልኩን አታንሳ። የደወለችበትን ሰዓት የሚያሳየውን ገጽ ስክሪንሾት አድርገህ አስቀምጥ። ቴክስት ብትልክም አትመልስ፣ አታጥፋውም። ፌስቡኳ ላይ «ላይክ» አታድርግ። ቴሌግራም ላይ ያላችሁበት የዘመድ ግሩፕ ካለ ለጊዜው ውጣ።

አሁን ወደ ሽማግሌዎቹ። ይህኛው ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ለእኛ ሰው ከሁሉም የሚከብደው ይህ ስለሆነ።

ወረቀትህን አውጥተህ እንዳትገናኛት የሚለውን ክፍል ፈልግ። በአካል፣ በስልክ፣ በጽሑፍ ወይም በሌላ በማንኛውም መንገድ እንዳታገኛት ያዝዛል። «በሌላ በማንኛውም መንገድ» የሚለው ቃል ውስጥ እህትህም አለች፣ ጓደኛህም አለ፣ ሽማግሌውም አለ። በአንተ ስም መልእክት ይዞ የሚሄድ ሰው የአንተ አፍ ነው። አገር ቤት ነገሩ ሌላ ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1992 በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ፍቺ ሲጠየቅ ፍርድ ቤቱ ራሱ ባልና ሚስቱን ወደ መረጧቸው ሽማግሌዎች ሊልክ ይችላል። እኛ ያደግነው ሽምግልና የጨዋ ሰው መንገድ ነው እየተባልን ነው። እዚህ ግን ያው ሽምግልና ማክሰኞ ችሎት ላይ «ሰው ልኮ ሊያስፈራራኝ ሞከረ» ተብሎ ሊነገር ይችላል። ዳኛውም በደንብ ይረዳዋል።

ሕጉን እንኳ ትተን እናስበው። ሁለት የተከበሩ አባቶችና የነፍስ አባቷ ሳሎኗ ተቀምጠዋል። ቡና አፍልታ አቅርባለች። «ልጄ፣ ለልጆችሽ ስትይ ይቅር በይው» ይሏታል። እሷ «እፈራዋለሁ» ማለት ትችላለች? «አይ አባቴ፣ ገና አልተዘጋጀሁም» ማለትስ? እኔ ብሆን የምችል አይመስለኝም። እሺ ብላ ትሸኛቸዋለች፣ ልቧ ግን እሺ አላለም። እንዲህ ያለ እርቅ ለአንተም አይበጅህም። ሽማግሌዎቹ መልካም ሰዎች መሆናቸውን አልጠራጠርም። ስለዚህ ወደ አንተ ይምጡ። ሶፋው ላይ አጠገብህ ይቀመጡ። በሩ ላይ የቆምክበትን ሌሊት አንተን ይጠይቁህ። ማክሰኞ ጠዋትም አንዳቸው በመኪና ሮክቪል ያድርስህ። ሽምግልናቸው በዚህ ሳምንት ለዚህ ይዋል።

«እኔን ሳይሰማ እንዴት?» ላልከው፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው። መልሱ ወረቀቱ አናት ላይ አለ። በእጅህ ያለው ጊዜያዊ ትእዛዝ ነው። ዳኛው እሷን በቃለ መሐላ ሰምቶ፣ ጥቃት ደርሷል ብሎ ለማመን የሚያበቃ ምክንያት ሲያገኝ ይሰጠዋል። ሌሊት ወይም ፍርድ ቤት በተዘጋበት ቀን ከሆነ ደግሞ ኮሚሽነር የሚባለው ሹም ከዚህም ያጠረ ትእዛዝ ይሰጣል፤ ፍርድ ቤቱ ተከፍቶ ዳኛ እስኪያየው ድረስ ነው የሚቆየው። ጊዜያዊው ደግሞ ከደረሰህ ቀን ጀምሮ በመደበኛው ከ7 ቀን አያልፍም። አጭር የሆነው አንተ ስላልተሰማህ ነው። ሕጉ ያንን ጉድለት ያውቀዋል። ለዚህ ነው በሳምንት ውስጥ የሚሰማህን ቀን ወረቀቱ ላይ የጻፈልህ። ማክሰኞ የቅጣት ቀን አይደለም፤ የአንተ ቃል የሚሰማበት ቀን ነው።

ስለዚህ «አትሂድ» ያለህን ጓደኛህን አትስማ። ወረቀቱ ደርሶህ ካልቀረብክ ዳኛው እሷን ብቻ ሰምቶ የመጨረሻውን ትእዛዝ መስጠት ይችላል። የመጨረሻው የሚባለው ብዙ ጊዜ እስከ 1 ዓመት ይቆያል። በአንዳንድ ሁኔታ 2 ዓመት ይሆናል፣ በጣም ከባድ በሆኑ ጉዳዮች ደግሞ የጊዜ ገደብ የሌለው ሊሆን ይችላል። አንተ በሌለህበት ስለ ቤቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለምትከፍለው ገንዘብ ይወሰናል። ሳትቀርብ ቀርተህ በኋላ «አልሰማሁም» ማለት አይሠራም። ዲሲ ወይም አሌክሳንድሪያ ብትሄድም ትእዛዙ ይከተልሃል፤ በፌዴራል ሕግ አንዱ ስቴት የሰጠውን ሌላው ያስከብራል።

ችሎት ውስጥ መብት አለህ። ጠበቃ ይዘህ መቅረብ ትችላለህ። ጉዳዩ የፍትሐ ብሔር ስለሆነ ግን መንግሥት ጠበቃ አያቆምልህም። በቃለ መሐላ የራስህን ታሪክ ትናገራለህ። ምስክር ታቀርባለህ። እሷን ጥያቄ መጠየቅ ትችላለህ፣ ጨዋ በሆነ መንገድ፣ ዳኛው ሲፈቅድ። በቀጥታ ወደ እሷ ዞረህ አታውራ፤ ፊትህን ወደ ዳኛው አድርግ። የማስረዳት ሸክም ያለው በእሷ ላይ ነው። ነገር ግን ሚዛኑ ከባድ አይደለም። ተፈጸመ የተባለው ነገር የመሆኑ ዕድል ካለመሆኑ ከበለጠ ይበቃል። እስከ 2014 ድረስ ሜሪላንድ ከዚህ የጠነከረ ማስረጃ ትጠይቅ ነበር፤ ያ ተለውጧል። ከዚያ በፊት ጉዳይ የነበረው ሰው «እኔ እንዲህ ሆኖልኝ ነበር» ቢልህ ልብ በል።

ምስክር ስልህ በዓይኑ ያየ ሰው ማለቴ ነው። «ጥሩ ክርስቲያን ነው፣ በእድር ውስጥ የተመሰገነ ነው» የሚል ደብዳቤ ከቤተ ክርስቲያን ይዘው የሚመጡ አሉ። ደብዳቤ አይጠየቅም፣ አይከራከርም። ዳኛው ብዙ ጊዜ ወደ ጎን ያደርገዋል። ቴክስቶች ካሉህ በወረቀት አትመህ ያዝ። ስልክህን ከፍተህ «ይኸው እዚህ ጋ» ማለት ጊዜ ያባክናል።

አሁን ደግሞ የማይጥምህን ልናገር ነው። ስለማከብርህ ነው የምናገረው።

«አልመታኋትም» ብለህ ጀመርክ። ያልካቸውን ሦስት ነገሮች መልሰህ አንብባቸው። በሩን ዘጋህባት። ስልኳን ነጠቅክ። ክንዷን ያዝክ። የሜሪላንድ ሕግ ጥቃት የሚለው ዱላን ብቻ አይደለም። ሰውን ያለ ፈቃዱ መያዝና መሄጃ ማሳጣትም ጥቃት ነው። ያለ ፈቃድ መንካትና መያዝም ጥቃት ነው። ሰው ከባድ ጉዳት አሁን ይደርስብኛል ብሎ እንዲፈራ ማድረግም ጥቃት ነው። ስድብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ትእዛዙ ላይሰጥ ይችል ነበር። አንተ የጻፍክልኝ ግን ስድብ አይደለም። በር ዘግቶ፣ ስልክ ነጥቆ የቆመ ሰው ፊት ያለች ሴት ማንን ትጠራለች? ይህንን ለእኔ ሳይሆን ለራስህ መልስ። ችሎት ገብተህ «ምንም አላደረግኩም» ብትል ውሸት ይሆናል፣ ዳኛውም ያውቀዋል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ከባድ ጥንቃቄ አለ። ማክሰኞ የምትናገረው ሁሉ በቃለ መሐላ ነው፣ ይቀረጻል። ዐቃቤ ሕግ ስለዚያው ሌሊት የወንጀል ክስ ቢያቀርብ ቃልህ እዚያ ሊጠቀስብህ ይችላል። የወንጀሉ ክስ የእሷ አይደለም፣ የመንግሥት ነው፤ «ትቼዋለሁ» ብትልም እንኳ ላይቆም ይችላል። ራስህን የሚወነጅል ቃል ላለመስጠት መብት አለህ። ዝም ማለት ግን በፍትሐ ብሔሩ ጉዳይ ዳኛው ከዝምታህ አንተን የሚጎዳ መደምደሚያ እንዲወስድ ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት የጠበቃ ምክር ከማክሰኞ በፊት ማግኘት አለብህ። ለሠርግና ለክርስትና ብዙ እናወጣለን። ለዚህ አንድ ሰዓት ደግሞ ከዘመድም ቢሆን ተበደር። የወንጀል ክስ ከመጣ፣ አቅም ከሌለህ፣ መንግሥት ጠበቃ ይሰጥሃል።

ሌላም መንገድ አለ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። ዳኛው ጥቃት ፈጽመሃል ብሎ ሳይወስን፣ አንተም አድርጌያለሁ ሳትል፣ በትእዛዙ መስማማት ትችላለህ። ይህ ለአንዳንዱ ጥሩ ነው፤ በቃለ መሐላ ከመናገር ያድናል። ነገር ግን በስምምነት የተሰጠም ትእዛዝ ትእዛዝ ነው። ብትጥሰው ያው ትታሰራለህ። የመጨረሻ ትእዛዝ ሲሰጥ መሣሪያ ካለህ ታስረክባለህ። በጥበቃ ሥራ ላይ ሽጉጥ የሚይዝ ወገን ካለ ይህን ሁለቴ ያስብበት። የፌዴራል ሕግም ለመሰማት ዕድል ተሰጥቶት እንዲህ ያለ ትእዛዝ ያለበት ሰው መሣሪያ እንዳይዝ ይከለክላል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2024 ይህን ሕግ 8 ለ1 አጽንቶታል። ስለዚህ ኮሪደር ላይ ቆመህ ሳታነብ አትፈርም።

ወደ እንቅልፍህ ልምጣ፣ ወደ ግሪን ካርዱ። ትእዛዙ ራሱ የወንጀል ፍርድ አይደለም። ወረቀቱ ስለተሰጠብህ ብቻ ከአገር አትባረርም። አደጋው ሌላ ቦታ ነው ያለው። በኢሚግሬሽን ሕጉ መሠረት፣ ከዛቻ፣ ከተደጋጋሚ ማስጨነቅ ወይም ከአካል ጉዳት የሚከላከለውን የትእዛዙን ክፍል ጥሰሃል ብሎ ፍርድ ቤት ከወሰነ፣ ግሪን ካርድ ያለውም ሰው ሊባረር ይችላል። ወንጀለኛ ተብሎ መፈረድ እንኳ አያስፈልግም። በቤት ውስጥ ጥቃት ወንጀል መፈረድም እንዲሁ ያስባርራል። አየህ? የነገው የሽማግሌ ጉዞ፣ የትናንት ማታው «መጥተህ እያቸው»፣ ከትዳርህም አልፈው የመኖሪያ ወረቀትህን የሚነኩ ነገሮች ናቸው። የወንጀል ጠበቃ ካቆምክ ዜጋ አለመሆንህን በመጀመሪያው ደቂቃ ንገረው። ጥፋተኛ ነኝ ማለት ኢሚግሬሽንህን እንዴት እንደሚነካ ማስጠንቀቅ ግዴታው ነው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 የወሰነው ነው።

«ማመልከቻዋን አንሳባት» ላለህ ሰው ግን ምን ልበል? ይህ ምክር ክፉ ነው። ሚስትህን በወረቀት ማስፈራራት፣ በር ከመዝጋት አንድ ነው፤ በሩ ብቻ ሰፍቷል። ደግሞም የሚሠራ ነገር አይደለም። ከ1994 ጀምሮ፣ በዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ባለው የትዳር ጓደኛዋ የተጎዳች ሴት፣ እሱን ሳትጠይቅ፣ ለእሱም ሳይነገር፣ ለራሷ የምታመለክትበት መንገድ በሕጉ አለ። ያለ አንተ ወረቀቷን ማግኘት ትችላለች። አንተ ግን ያንን ዛቻ በቴክስት ከጻፍከው፣ ማክሰኞ ዳኛው ፊት ታትሞ ይቀርባል። ይህን ሐሳብ ከልብህ አውጣው። ለጓደኛህም ደግመህ እንዳያነሳብህ ንገረው።

ልጆቹ። ጊዜያዊው ትእዛዝ ስለ ልጆቹ ምን እንደሚል በደንብ አንብብ። እንዳትቀርብ የሚል ከሆነ ትምህርት ቤት በር ላይ አትቁም፣ በሩቁም ቢሆን። ማክሰኞ ግን ልጆቼን ማየት እፈልጋለሁ ብለህ መጠየቅ ሙሉ መብትህ ነው። «ልጆቼን ስጡኝ» ብቻ አትበል። የሚሆን ሐሳብ ይዘህ ግባ። በሳምንት ስንት ቀን፣ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት፣ የት፣ ማን ያደርሳቸዋል፣ ማን ይመልሳቸዋል። ሁለታችሁም የምታምኑት ሰው፣ ምናልባት አክስታቸው፣ ርክክቡን ሊያደርግ ይችላል። ስለ ልጆች ብቻ በቴክስት መነጋገር እንዲፈቀድ መጠየቅም ትችላለህ። ዳኛው ከፈቀደ በትእዛዙ ላይ ይጻፋል። ያልተጻፈ ነገር አልተፈቀደም። ከተፈቀደም «ሐኪም ቀጠሮው ስንት ሰዓት ነው» ብለህ ጻፍ፤ «ናፈቅሽኝ» ብለህ አትጨምር።

ልብስህና ፓስፖርትህ ቤት ቀርተዋል። ቁልፉ በኪስህ ስለሆነ፣ የኪራይ ውሉም በስምህ ስለሆነ፣ መግባት የምትችል ሊመስልህ ይችላል። አትችልም። ትእዛዙ ቤቱን ለጊዜው ለእሷ መስጠት ይችላል፣ ውሉ በማንም ስም ይሁን። ዳኛውን ጠይቅ፤ ከፖሊስ ጋር ሄደህ ዕቃህን የምታወጣበት ጊዜ እንዲወሰንልህ። የምትፈልገውን ዘርዝረህ ጽፈህ ያዝ። ለጊዜው ሁለት ሱሪ ግዛ።

የቤት ኪራዩንና የልጆቹን ወጪ በተመለከተ፣ ዳኛው ለቤተሰቡ አስቸኳይ ገንዘብ እንድትከፍል ሊያዝ ይችላል። ያዘዘውን በቀኑ ክፈል፣ ማስረጃውን አስቀምጥ። ልኬያለሁ ብለህ ግን አትደውልላት።

ዳኛው ማመልከቻውን ውድቅ ካደረገው፣ መዝገቡ ከሕዝብ ዓይን እንዲሸሸግ በጽሑፍ የምትጠይቅበት ሥርዓት አለ፤ ብዙ ሰው አያውቀውምና አትርሳው። ትእዛዙ ከጸና ደግሞ ይግባኝ አለህ። ከዲስትሪክት ኮርት የተሰጠ ከሆነ በ30 ቀን ውስጥ ከእሱ በላይ ወዳለው ሰርኪዩት ኮርት ይግባኝ ትላለህ፤ እዚያ ጉዳዩ እንደ አዲስ ይሰማል። ይግባኝ ማለት ግን ትእዛዙን አያቆመውም፣ እየተከራከርክ ታከብረዋለህ። ወራት ካለፉ በኋላ ሁለታችሁም ብትፈልጉ፣ እንዲሻሻል ወይም እንዲነሳ ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይቻላል። አብራችሁ ለመኖር ብትወስኑ እንኳ መጀመሪያ ዳኛው፣ ከዚያ ሻንጣው።

ባለቤትህ ይህን ዓምድ ታነብ እንደሆነ አላውቅም። በእሷ ቦታ ያለች እህት ግን ታነበው ይሆናል፣ ለእሷ ጥቂት ቃል ልጨምር። እህቴ፣ ማመልከቻው ክፍያ የለውም። ግሪን ካርድ ባይኖርሽም መብትሽ ነው። ሮክቪል የሞንትጎመሪ ካውንቲ ፋሚሊ ጀስቲስ ሴንተር አለ፤ ጠበቃም አማካሪም በአንድ ጣሪያ ሥር ታገኛለሽ። ሌሊት ከሆነ 1-800-799-7233 ደውይ፣ አማርኛ አስተርጓሚ ጠይቂ። ገመናሽን አደባባይ አወጣሽ የሚልሽ ይኖራል። በሩን የዘጋው አንቺ አይደለሽም።

ወደ አንተ ልመለስና ልጨርስ። በዚህ ሳምንት ያጋጠመህ ነገር አሳፍሮሃል፣ ይታየኛል። ሶፋ ላይ ሆነህ ይህን መጻፍህ ራሱ ቀላል አልነበረም። ንዴትን ስለመግራት የሚያስተምር ፕሮግራም ዳኛው ሊያዝህ ይችላል። ሳያዝህ ራስህ ብትመዘገብ ደስ ይለኛል፤ ለችሎቱ ብለህ ሳይሆን ለዚያ ሌሊት ብለህ።

ዛሬ ገና ሥራ ቀን ነው። ሜሪላንድ ኮርት ሄልፕ ሴንተር የሚባል ነፃ የስልክ አገልግሎት አለ፣ 410-260-1392። ጠበቆች ናቸው የሚመልሱት፤ አመልካችንም ተጠሪንም ይረዳሉ። የወረቀትህን ቁጥር ይዘህ ደውል። ቀጥለህ ለፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት ደውለህ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቅ፤ ክፍያ የለውም። እንግሊዝኛህ ለሥራ ይበቃ ይሆናል፤ «ያዝኳት» እና «ነካኋት» በእንግሊዝኛ ያላቸውን ልዩነት ግን ዳኛ ፊት ቆመህ አትማረውም። ማክሰኞ አስተርጓሚው ሳይመጣ ቢቀር፣ ስምህ ሲጠራ ተነስተህ «አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» በል። ቀጠሮ ሊለወጥ ይችላል። ጊዜያዊው ትእዛዝ እስከዚያ ይራዘማል፣ አንተም ሶፋው ላይ ትቆያለህ። ከቀጠሮው ሰዓት 1 ሰዓት ቀድመህ ድረስ፤ ሮክቪል መኪና ማቆሚያ ያስቸግራል።